ርክክቡን ጻፉ፦ የድርጅት ክፍሎች በጋራ ፕሮጀክት ላይ እንዲቀናጁ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

«ግዥ ፋይናንስን ይወቅሳል፣ ፋይናንስ ግዥን ይወቅሳል፣ ቴክኒክ ደግሞ ሁለቱንም። እኔ መሐል ቆሜ ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ቃሉ እየተለዋወጠ በየጊዜው ይመጣልኛል። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ በፋብሪካ ወይም በአስመጪ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት አስተባባሪነት የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። የሚጠብቁት መልስ ብዙ ጊዜ ስለ መግባባት ሥልጠና ወይም ስለ ሠራተኞች የሽርሽር ቀን ነው። ሽርሽሩ አይከፋም፤ ችግሩን ግን አይነካውም።

አብዛኛው ክፍል የራሱን ሥራ ያውቃል፣ ደኅና አድርጎም ይሠራል። ሥራው የሚበላሸው ከአንዱ ክፍል እጅ ወጥቶ ሌላው እጅ ሳይገባ መሐል ላይ ነው። ጎድሎ ይተላለፋል፣ ዘግይቶ ይተላለፋል፣ ወይም መተላለፉን ተቀባዩ አያውቅም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ምን፣ በምን ሁኔታ፣ መቼ ያስረክባል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በዱከም አካባቢ ያለ የብስኩት ፋብሪካ አዲስ የማሸጊያ ማሽን ከውጭ አገር ሊያስመጣ ነው እንበል። ምርት፣ ቴክኒክ፣ ግዥ፣ ፋይናንስ፣ ሽያጭና መጋዘን ሁሉም ድርሻ አላቸው። የእርስዎ ፕሮጀክት የባንክ ቅርንጫፍ መክፈት ወይም የሒሳብ ሥርዓት መቀየር ቢሆን የክፍሎቹ ስም ይለወጣል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በዋና ሥራ አስኪያጁ የተፈረመ የውክልና ደብዳቤ
- የፕሮጀክቱን መጨረሻ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት
- የርክክብ ሠንጠረዥ (በኤክሴል ቢሆን ይሻላል፤ በደብተርም ይሠራል)
- የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን ጎን ለጎን የያዘ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ
- የቃለ ጉባኤ መዝገብ
- ሁሉም ተወካዮች የሚከፍቱት አንድ የጋራ ፎልደር
- አንድ የቴሌግራም ግሩፕ፤ ከአንድ በላይ አይሁን
- ቁርጥራጭ ወረቀትና ማጣበቂያ ፕላስተር

1. አስተባባሪውን በደብዳቤ ያስሰይሙ

በቃል የተሾመ አስተባባሪ በየቢሮው እየዞረ ከመለመን አያልፍም። ደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፤ ግልባጩም ለእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ ይድረስ። አራት ነገሮችን በግልጽ ይናገር፦ የፕሮጀክቱ ስም፣ የአስተባባሪው ስም፣ አስተባባሪው ማንንም ሳይጠይቅ የሚወስነው ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ክፍል የሚመድበው ተወካይ በሳምንት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሠራተኛው «አለቃዬ አላዘዘኝም» ሲልዎት ሰበብ እየፈለገ ላይሆን ይችላል፤ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት የክፍሉ ኃላፊ እንጂ እርስዎ አይደሉም። «የግዥ ተወካይ በየሳምንቱ ረቡዕ ሙሉ ቀን ለፕሮጀክቱ ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ላይ ካለ ተወካዩም ኃላፊውም ከጭቅጭቅ ይድናሉ።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ተቀምጠው እስኪጽፉ አይጠብቁ። ራስዎ አርቅቀው ለፊርማ ይዘው ይግቡ።

2. «አለቀ» ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፉ

እያንዳንዱን ክፍል «ይህ ፕሮጀክት የሚያልቀው መቼ ነው?» ብለው ለየብቻ ይጠይቁ። ለግዥ የሚያልቀው ዕቃው ግቢ ገብቶ የገቢ ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው። ለፋይናንስ ክፍያው ተወራርዶ ሰነዱ ፋይል ሲሆን፣ ለቴክኒክ ማሽኑ ተተክሎ ሲዞር፣ ለሽያጭ ደግሞ አዲሱ እሽግ ሱቅ ሲደርስ ነው። ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ ጭቅጭቁ የሚወለደውም ከዚሁ ነው፤ አንዱ ጨርሻለሁ ብሎ እጁን ሲሰበስብ ሌላው ገና መጀመሩ ነው።

ስለዚህ አንድ መጨረሻ ይምረጡና በሚለካ ነገር ይጻፉት። ለምሳሌ፦ «ማሽኑ በድርጅቱ ኦፕሬተሮች እጅ በሦስት ተከታታይ ፈረቃ ሳይቆም ሠርቶ፣ በደቂቃ የሚያሽገው ቁጥር በውሉ ላይ ያለውን ሲያሟላ፣ ምርት ክፍል ፈርሞ ሲረከብ።» «በተሳካ ሁኔታ ሲጠናቀቅ» የሚል ሐረግ ወረቀቱ ላይ ካለ ይሰርዙት፤ በኋላ ሁሉም ወደሚመቸው ይተረጉመዋል።

ገጹን የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ ይፈርሙበት።

3. ተወካይና ምትክ ያስመድቡ

ተወካዩ በስብሰባ ላይ «እሺ» ማለት የሚችል ሰው ይሁን። «ኃላፊዬን ጠይቄ ልምጣ» የሚል ተወካይ ካለ እያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ሳምንት ይበላል። ምትክም ይኑረው፤ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ለቅሶ ፕሮጀክት አይጠብቁም። ስማቸውንና ስልካቸውን በአንድ ወረቀት አትመው በየቢሮው ይለጥፉ።

4. የርክክብ ሠንጠረዡን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሥሩ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው፤ ግማሽ ቀን ይስጡት። ተወካዮቹን በአንድ ክፍል ይሰብስቡ። ግድግዳው ላይ በስተቀኝ ጫፍ «ምርት ክፍል ማሽኑን ተረከበ» የሚል ወረቀት ይለጥፉና ወደ ግራ እየሄዱ ይጠይቁ። ጥያቄው ሁልጊዜ ለተረካቢው ነው፦ «ይህን እንድትረከብ ከማን ምን ያስፈልግሃል?»

አስረካቢውን መጠየቅ ለምን አይበቃም? አስረካቢ የሚነግርዎት ለመስጠት የሚቀለውን ነው። ተረካቢ ግን ሲጎድልበት የሚያቆመውን ያውቃል።

ከተለጠፉት ወረቀቶች ሠንጠረዥ ያውጡ። አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ የሚተላለፈው ነገር፣ ሁኔታው፣ ቀኑ። በምሳሌያችን ጥቂት ረድፎች ይህን ይመስላሉ፦

- ከቴክኒክ ለግዥ፦ የማሽኑ ዝርዝር መግለጫ። ሁኔታው፦ የኤሌክትሪክ ዓይነቱ (380 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 50 ኸርዝ)፣ የሚፈልገው የታመቀ አየር መጠንና ግፊት፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመትና ክብደት ተጽፎ፤ የቴክኒክና የምርት ኃላፊዎች ፈርመውበት።
- ከግዥ ለፋይናንስ፦ የመጨረሻው ፕሮፎርማ (የአቅራቢው የዋጋ ማቅረቢያ)። ሁኔታው፦ የሞዴል ቁጥሩ ከዝርዝር መግለጫው ጋር ፊደል በፊደል ተመሳክሮ፣ የዋጋው የአገልግሎት ጊዜ ሳያልፍ።
- ከፋይናንስ ለግዥ፦ ባንክ የከፈተው የሌተር ኦፍ ክሬዲት ቅጂ (ሰነዱ ከተሟላ ለአቅራቢው እንደሚከፈል ባንኩ ቃል የሚገባበት ሰነድ)። ሁኔታው፦ በተከፈተበት ዕለት።
- ከግዥ ለቴክኒክ፦ የማሽኑ የመሠረት ሥዕል። ሁኔታው፦ ከአቅራቢው የመጣ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ልኬት ያለበት።
- ከቴክኒክ ለሽያጭ፦ የማሸጊያ ፊልሙ (ብስኩቱ የሚታሸግበት ስስ ጥቅልል) ወርድ፣ የአንዱ እሽግ ርዝመትና የመቁረጫ ምልክቱ ቦታ።
- ከሽያጭ ለግዥ፦ የጸደቀ የማሸጊያ ዲዛይን። ሁኔታው፦ ቴክኒክ አይቶ ፈርሞበት፤ የምርትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚታተምበት ባዶ ቦታ ተትቶ።
- ከግዥ ለመጋዘን፦ የማሸጊያ ዝርዝር። ሁኔታው፦ ዕቃው ከመድረሱ በፊት፣ የትልቁ ሣጥን ክብደት ተለይቶ።

«ሁኔታው» የሚለው ዓምድ ሥራ የሚያበዛ ይመስላል፤ ግን ሌሎቹ አራቱ ያለ እሱ ዋጋ የላቸውም። ሁለት ረድፎችን ቀረብ ብለን እንያቸው።

የማሸጊያ ማሽን ፊልሙን የት ላይ እንደሚቆርጥ የሚያውቀው በፊልሙ ጠርዝ ላይ የታተመችውን ትንሽ ጠቆር ያለች ምልክት በብርሃን መመርመሪያ እያነበበ ነው። ሽያጭ ክፍል ከቴክኒክ ሳይረከብ በቀጥታ ወደ ዲዛይነር ከሄደ ያማረ እሽግ ያሠራል፤ ምልክቷ ግን የለችም፣ ወይም ከጀርባዋ ቀለም ጋር ተመሳስላለች። መመርመሪያው አያያትም፤ ማሽኑም የድርጅቱን አርማ ከሁለት እየከፈለ ይቆርጣል። ፊልሙ በሲሊንደር የሚታተም ከሆነ ሲሊንደሩ እንደገና ይቀረጻል፤ የታተመው ጥቅልል ደግሞ መጋዘን ይቀመጣል። ሽያጭም ቴክኒክም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። የጎደለችው ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የነበረባት አንዲት ወረቀት ናት።

ሁለተኛው የሌተር ኦፍ ክሬዲት ረድፍ ነው። ባንክ የሚመረምረው ማሽኑን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ባንኮች የሚመሩበት ዩሲፒ 600 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሰነዱን ለመመርመር የሚሰጣቸው ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ሌላ ካላለ ደግሞ አቅራቢው ሰነዱን ዕቃው ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ባንኩ ሰነዱን ላይቀበል ይችላል፤ የሞዴል ቁጥር ላይ የተሳተች አንዲት ፊደልም መነጋገሪያ ትሆናለች። ማስተካከያው ሲጠየቅና ሲጻጻፉ ዕቃው ወደብ ላይ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀምጦ የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ ይቆጥራል። «ፊደል በፊደል ተመሳክሮ» የሚለው ሐረግ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሠንጠረዡ ላይ የክፍል ስም ብቻ አይጻፉ። «ግዥ» የሚባል ሰው የለም። የተወካዩ ስም ይጻፍ፣ ረድፉ ሲፈጸምም አስረካቢና ተረካቢ ሁለቱም ይፈርሙ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ የማሽኑን ቁመት ከፋብሪካው በር ቁመት ጋር፣ እስከ መትከያው ቦታ ባለው መንገድ ላይ ካሉት ምሰሶዎችና ቧንቧዎች ጋር አንድ ሰው በሜትር ይለካ። ይህን ማን እንደሚለካ ሳይጻፍ ሲቀር ሁሉም ሌላው የለካው ይመስለዋል፤ ግድግዳ ማፍረስም ይከተላል።

5. ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ

ሠንጠረዡ ላይ «5/6/18» ተብሎ ቢጻፍ ለመጋዘን ሠራተኛው የካቲት 5 ነው፤ ለአውሮፓ አቅራቢ ጁን 5፣ ለአሜሪካ አቅራቢ ደግሞ ሜይ 6። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ስለዚህ ወሩን በስም፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፦ «ሐሙስ የካቲት 5 ቀን 2018 (ፌብሩዋሪ 12፣ 2026)»። የሳምንቱን ቀን ስም መጨመር ቀላል መቆጣጠሪያ ነው፤ ቀኑና ስሙ ካልተገናኙ አንዱ ስሕተት እንዳለበት ወዲያው ይታያል። ሰዓትም እንዲሁ። ተከላ ሊሠራ ለሚመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ «3 ሰዓት» ብለው ከቀጠሩት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቢመጣ አይፍረዱበት።

ከዚያ ቀን መቁጠሪያው ላይ ርክክብ የማይደረግባቸውን ጊዜያት በቀይ ያቅልሙ፦

- የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ መጀመሪያ፣ የበጀት ዓመታችሁ በሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ። ፋይናንስ ሒሳብ ይዘጋል፣ መጋዘን ቆጠራ ላይ ነው፤ በዚያ ሳምንት የሚደርስ ሣጥን የሚቀበለው ያጣል።
- የበዓላት ዋዜማ። ፋሲካና ሁለቱ ኢዶች በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀሱ ከዓመት ዓመት አይገልብጡ።
- አቅራቢው የቻይና ከሆነ የእነሱ አዲስ ዓመት። በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መካከል የሚውል ሲሆን ፋብሪካዎቹ ለሳምንታት ይዘጋሉ።

ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ጊዜን የሚበሉ የማይታጠፉ ሥራዎች አሉ። ኮንክሪት የሚጠበቅበትን ጥንካሬ የሚያገኘው በተለምዶ በ28 ቀኑ ነው፤ ከባድ ማሽን የሚያርፍበት መሠረት ማሽኑ ከመድረሱ ቢያንስ ያን ያህል ቀደም ብሎ መሞላት አለበት። ቁፋሮው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋለ ደግሞ ለዝናቡ ትርፍ ቀን ይያዙ። ቴክኒክ መሠረቱን ለመጀመር የመሠረት ሥዕሉን ከግዥ መረከብ አለበት፤ ሥዕሉ ግን ብዙ ጊዜ በግዥ ሠራተኛው ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ ለእሱ ከአቅራቢው ከመጡት አባሪዎች አንዱ እንጂ ሌላ አይደለምና። በወደ ኋላ ቆጠራ ላይ ይህች ረድፍ ገና በጊዜ ትወጣለች።

6. የማን በጀት እንደሚከፍል አስቀድመው ይለዩ

ማሽኑን ማን እንደሚከፍል ሁሉም ያውቃል። የሚያጣላው ትንንሹ ነው፦ ክሬን፣ የተከላ መሐንዲሶቹ ሆቴልና ምግብ፣ ለሙከራ የሚባክነው ብስኩትና ፊልም፣ ተጨማሪ ኮምፕሬሰር። ከሠንጠረዡ ጎን አንድ ዓምድ ጨምረው «ከማን በጀት» ብለው ይሙሉት።

ስለ ምንዛሪም አንድ ነገር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ፕሮፎርማው በተሰበሰበበት ቀንና ክፍያው በተፈጸመበት ቀን መካከል የብሩ ወጪ ሊለወጥ ይችላል። ግዥና ፋይናንስ በጀቱን የሠሩበትን ተመንና ቀን አንድ ቦታ ይጻፉት፤ ከዚያ በምን ያህል ቢዘል ወደ ሥራ አስኪያጁ እንደሚመለስም ይስማሙ። አለበለዚያ ልዩነቱ በመጣ ቀን ፋይናንስ ግዥን «አስወድደህ ገዛህ»፣ ግዥ ደግሞ ፋይናንስን «አዘግይተህ ከፈልህ» ይባባላሉ።

7. በሳምንት አንድ ጊዜ በሠንጠረዡ ላይ ብቻ ይሰብሰቡ

ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር፤ ከ45 ደቂቃም አይለፍ። የክፍል ሪፖርት አይነበብም። ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ይታያል፤ በየረድፉ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፦ ባለፈው ሳምንት ርክክቡ የደረሰው ተፈጸመ ወይ? በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የሚደርሰው በቀኑ ይሆናል ወይ? ካልሆነ ማን ምን ያድርግ?

ሪፖርት ለምን ይቀራል? ሪፖርት የሚነግርዎት ክፍሉ ምን ያህል እንደደከመ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ለቀጣዩ ሰው ምን እንደደረሰ ነው።

ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን ወጥቶ ይፈረም። አጻጻፉ ላይ ጥብቅ ይሁኑ። ይህ የተለመደው ዓይነት ነው፦

«ግዥ ክፍል ጉዳዩን ተከታትሎ እንዲያሳውቅ ተወስኗል።»

ይህን ማንም ሊፈጽመው አይችልም፤ አልፈጸምክም ብሎም የሚጠይቅ የለም። በእሱ ፋንታ፦

«የግዥ ተወካይ ከአቅራቢው የተስተካከለውን ፕሮፎርማ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ለፋይናንስ ተወካይ ያስረክባል፤ የሞዴል ቁጥሩን ቴክኒክ ቀድሞ ያመሳክራል።»

«ይከታተል»፣ «ትኩረት ይሰጠው»፣ «በተቻለ ፍጥነት» የሚሉትን ከቃለ ጉባኤያችሁ ማውጣት ብቻውን የስብሰባውን ጸባይ ይለውጣል።

8. የትኛው ነገር በየት እንደሚተላለፍ ይወስኑ

ቴሌግራም ለማሳወቅ ነው፦ «መኪናው ሞጆን ወጥቷል»፣ «የነገው ስብሰባ 4 ሰዓት ነው።» ውሳኔና ሰነድ በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ይሂዱ፤ ቅጂያቸው በጋራ ፎልደሩ ይቀመጥ። «ግሩፑ ላይ ልኬዋለሁ» የሚል አስረካቢ ካለ አላስረከበም። ሁለቷ የ«ታይቷል» ምልክት ፊርማ አይደለችም፤ ተረካቢው በመልካም ምኞት መግለጫዎች መሐል ፋይሉን አልፎት ሊሆን ይችላል።

ፋይል ሲሰይሙ ቀን፣ ይዘትና ተራ ቁጥር ይኑረው፦ «2018-02-13 ፕሮፎርማ 03»። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» የሚል ስም ካየሁ የትኛው ወደ ባንክ እንደሄደ ማንም እንደማያውቅ እገምታለሁ፤ ግምቴም እምብዛም አይስትም።

በደብዳቤ ለሚጻጻፉ ድርጅቶች አንድ ዘዴ ልጨምር፦ መጀመሪያ ደውለው ይስማሙ፣ ከዚያ የተስማሙበትን ይጻፉ። ሳይነጋገሩ የተላከ ደብዳቤ፣ በተለይ ግልባጩ ለሥራ አስኪያጁ የሆነ፣ ለተቀባዩ ክስ ነው፤ የሚመጣውም መልስ መከላከያ ይሆናል።

9. መዘግየትንና አለመግባባትን የሚያወጡበት መሰላል ያዘጋጁ

በእኛ ቢሮዎች መዘግየት የሚደበቀው ከክፋት ይልቅ በይሉኝታ ነው። ተወካዩ ቀኑን እንደማያደርስ ያውቃል፤ በሰው ፊት መናገር ግን ያፍራል፤ «እየሠራንበት ነው» ይላል። ስለዚህ ደንቡን በመጀመሪያው ስብሰባ ይናገሩ፦ ከቀኑ በፊት «አላደርስም» ያለ ሰው አይወቀስም፤ ከቀኑ በኋላ የተናገረ ይጠየቃል። ይህን ደንብ የመጀመሪያው ተናጋሪ ላይ ካፈረሱት ሁለተኛ ተናጋሪ አያገኙም።

አንጋፋ ሰው ሲሆን ደግሞ ከስብሰባው በፊት ቢሯቸው ይሂዱ። በድርጅቱ ውስጥ ያረጁ የመጋዘን ኃላፊን በወጣቶች ፊት «የእርስዎ ረድፍ ቀይ ነው» ማለት ረድፉን አረንጓዴ አያደርገውም። «ጋሼ፣ የሐሙሱ ርክክብ እንዳያልፍብን ፈርቼ ነው የመጣሁት፤ ምን ላግዝዎት?» ቢሉ ፎርክሊፍቱ መበላሸቱን ይሰማሉ፤ ለጥገና የሚደውሉትም እርስዎ ይሆናሉ።

መሰላሉ እንዲህ ነው፦

- ሁለቱ ተወካዮች በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በራሳቸው ይፍቱ።
- ካልፈቱ አስተባባሪው ከሁለቱ ጋር ይቀመጥ፤ ሌላ 1 ቀን።
- ካልሆነ ሁለቱ የክፍል ኃላፊዎች።
- በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ፤ የሁለቱም ወገን ሐሳብ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ።

አንድ ገጽ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ ሲጽፉ የማይስማሙበት ነጥብ ካሰቡት ያነሰ ሆኖ ያገኙታል።

ማስጠንቀቂያ፦ መሰላሉን ዘልሎ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ የሄደ ተወካይ ከተሰማለት መሰላሉ ዋጋ የለውም። ሥራ አስኪያጁ «መጀመሪያ እነሱ ጋር ተነጋገር» ብለው እንዲመልሱ አስቀድመው ይስማሙ።

10. ለውጥን በጽሑፍ ብቻ ይቀበሉ

ፕሮፎርማው ከጸደቀ በኋላ ሽያጭ «የ100 ግራሙንም እሽግ ቢሠራልን» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ግን ተጨማሪ ቅርጽ ማውጫ፣ ሌላ የፊልም ወርድና ምናልባትም የሌተር ኦፍ ክሬዲት ማሻሻያ ይጠይቃል። ማንኛውም ለውጥ በግማሽ ገጽ ይቅረብ፤ የትኞቹን የርክክብ ረድፎች እንደሚነካ ይዘርዝር፤ የተነኩት ረድፎች ተረካቢዎች ይፈርሙ። ቡና ላይ የተባለ ለውጥ አልተባለም።

11. መዝጊያውን ርክክብ በሙሉ ይፈጽሙ

በደረጃ 2 የጻፉትን ገጽ ያውጡና አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ምርት ክፍል ከመፈረሙ በፊት እነዚህ እጁ መግባታቸውን ያረጋግጡ፦ የአሠራርና የጥገና መመሪያው፣ የመለዋወጫ ዝርዝሩ ከነቁጥሩ፣ የሠለጠኑ ኦፕሬተሮች ስም በየፈረቃው፣ የዋስትናው መጀመሪያና ማብቂያ ቀን። የዋስትና ጊዜ በአንዳንድ ውሎች ዕቃው ከተጫነበት ቀን፣ በሌሎች ደግሞ ተከላው ከተፈረመበት ቀን ይጀምራል። የእናንተ የቱ እንደሆነ ውሉን የያዘው ግዥ ያውቃል፤ ማሽኑ ሲበላሽ የሚያስፈልገው ግን ቴክኒክን ነው። ይህችም አንድ ረድፍ ናት።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ፋይናንስን መጨረሻ ላይ መጥራት። ክፍያ ሲደርስ ብቻ የተጠራ ፋይናንስ የሚያውቀው ጉድለትን መፈለግ ብቻ ይሆናል። ከመጀመሪያው የግድግዳ ሥራ ጀምሮ ይቀመጥ።
- መጋዘንን ጭራሹን መርሳት። ሣጥኑ በር ላይ ቆሞ ቦታ፣ ፎርክሊፍትና ተረካቢ ሲፈለግ ብቻ ይታወሳል።
- ሠንጠረዡን አስተባባሪው ብቻውን ቢሮው ቁጭ ብሎ መሙላት። ያማረ ሠንጠረዥ ይወጣዋል፤ የሚያምንበት ግን የለም።
- የቀረጥ ነጻ መብት ያለው ድርጅት ደብዳቤውን ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ። ጥያቄውን ማን መቼ እንደሚያስገባ ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ረድፍ አጠገብ ይጻፍ፤ ትራንዚተሩም (ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ወኪል) ዕቃው ከመጫኑ በፊት የዕቃውን መግለጫ አይቶ የጉምሩክ ምደባውን ይናገር።
- ረድፎችን ማብዛት። ሁሉንም ሥራ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ በሦስተኛው ሳምንት ማንም አይከፍተውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ሥራ እዚህ ቦታ የለውም፤ የክፍሉ ኃላፊ ይወጣው።
- በ«ሁኔታው» ዓምድ ላይ «የተሟላ» ብሎ መጻፍ። ተረካቢውን «ምን ሲሆን ነው የተሟላ የምትለው?» ብለው ይጠይቁና የመለሰውን እንዳለ ይጻፉት።